ማረሚያ፦ የአባባ ዓርማ

ባለፈው ክረምት አያቴ ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ እያለች ሌላ ሰው ምን ያደርጋል?» ተባለና ሥራው ለእኔ ተጣለ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ በማግስቱ ዣንጥላ ተይዞልኝ አነበብኩት። መሐል ላይ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረችበት፦ «በወጣትነታቸውም ወደ አሜሪካ ተልከው በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ላይ ከፍተኛ ሥልጠና በመውሰድ የክብር ዓርማ ተሸልመዋል።» እዚህች ጋ ስደርስ የአባባ የድሮ ባልደረቦች ከቆሙበት በኩል አንድ ሳል ተሰማ። ያኔ ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

ዓረፍተ ነገሯ ስህተት ናት። አባባ አሜሪካን ረግጠው አያውቁም።

ሆን ብዬ አልዋሸሁም። ማስረጃ ነበረኝ። የመዳፍ ያህል ስፋት ያላት፣ ክብ፣ መሐሏ ያለው ሥዕል ከመደብዘዙ የተነሳ ምን እንደሆነ የማይለይ፣ ጠርዟ ላይ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር የተጠለፈባት የጨርቅ ዓርማ። በብስኩት ጣሳ ውስጥ ከአሮጌ ደብዳቤዎችና ከሁለት የቁልፍ መክፈቻዎች ጋር ተቀምጣ ነው ያገኘናት። አክስቴ አንስታ አየቻትና «ይቺማ አባባ አሜሪካ የተሸለሙት ናት» አለች። አለቀ። «ምንጭሽን ሁለቴ አጣሪ» እየተባልኩ ዓመታት የተማርኩ ሰው፣ አንዲት ጨርቅና አንዲት አክስት ይዤ አባባን አሜሪካ ላክኋቸው። ቪዛ እንኳን ሳይጠየቁ!

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ማረሚያ ነው። ማረሚያ ደግሞ ጋዜጦቻችን እንደሚያደርጉት በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በሁለት መስመር ተሸሽጎ መውጣት የለበትም ብዬ ስላመንኩ፣ እንዴት እንደተሳሳትኩና ስህተቴን ያረመችልኝ ጨርቋ ራሷ እንዴት እንደሆነች ከመጀመሪያው አጫውታችኋለሁ።

ሐምራዊው መብራት

ነገሩ የተጀመረው ከተዝካሩ በኋላ ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው የአጎቴ ልጅ አንድ ቀን እየፈነደቀ ቤት ገባ። «የጃንሆይ ዘመን አየር ኃይል ኦሪጅናል ዓርማ ገዛሁ!» ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው የገዛው፤ ዋጋውን ብነግራችሁ ለእሱ ታዝናላችሁ። ዓርማው ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። ክሩ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ጥልፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቦታ እንኳን ሳይሳሳት እኩል ሄዷል። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ ያ እየተንቻቻ የሚላቀቀው ቬልክሮ ተሰፍቶበታል።

«ይሄ ነገር በጃንሆይ ጊዜ ነበረ እንዴ?» አልኩት። ተናደደ።

ክርክሩን የፈታችልን የሰፈራችን ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት። የብር ኖት የምትፈትሽባት ትንሽ ሐምራዊ መብራት አለቻት። የአጎቴን ልጅ ዓርማ ሥሯ ብናስገባው እንደ ሠርግ ቤት በራ። እሱ ኩም አለ፤ እኔ ሳቅኩ። ከዚያ «የእውነተኛውን ልዩነት ላሳይህ» ብዬ በቦርሳዬ የያዝኳትን የአባባን ዓርማ አስገባሁ።

እሷም በራች።

ምን ልበላችሁ፣ ከሳቄ ጋር ቀረሁ። የአባባ ዓርማ የሐሰት ከሆነ፣ የሕይወት ታሪኩስ? ያን ቀን ማታ ነው ስለ አየር ኃይል የጨርቅ ዓርማዎች ማንበብ የጀመርኩት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።)

መጀመሪያ አውሮፕላን ላይ፣ ከዚያ ደረት ላይ

የአየር ኃይል ዓርማ መጀመሪያ የተሠራው ለሰው ሳይሆን ለአውሮፕላን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ሰማይ ላይ የራሳቸውን ቡድን ከሌላው መለየት ነበረባቸው፤ ሬዲዮ እንደ ልብ አልነበረማ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ጎን ላይ ሥዕል ይሣላል። በ1916 ለፈረንሳይ ሊዋጉ የሄዱ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች የላፋዬት ስኳድሮን ተብለው ሲደራጁ የመረጡት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ የሆነ ተዋጊን ራስ ነበር። ከአገራቸው ርቀው ለሌላ አገር ሲዋጉ «እኛ ከወዲያ ማዶ የመጣን ነን» የሚሉበት መንገድ ነው።

ጨርቁ የመጣው በእግረኛው በኩል ነው። በ1918 የአሜሪካ 81ኛ ክፍለ ጦር የዱር ድመት ምስል ክንዱ ላይ ሰፍቶ ፈረንሳይ ገባ። ሌሎቹ ክፍለ ጦሮች ቅር አላቸው፤ «እነሱ ይህን ሲያደርጉ እኛስ?» ተባለ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል ፐርሺንግ ደረሰና ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለሁሉም ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ አብራሪዎቹም በቆዳ ጃኬታቸው ደረት ላይ የስኳድሮናቸውን ዓርማ መስፋት ልማድ አደረጉት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነገሩ ጎርፍ ሆነ። በየሳምንቱ አዲስ ስኳድሮን ይቋቋማል፤ አዲስ ስኳድሮን ደግሞ አዲስ ዓርማ ይፈልጋል። ማን ይሣለው? ሚኪ ማውስን የፈጠረው የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ! የስቱዲዮው ሠዓሊዎች በጦርነቱ ዘመን ወደ 1,200 የሚጠጉ ዓርማዎችን በነፃ ሣሉ። ከእነሱ አንዱ በቻይናና በበርማ ሰማይ ላይ ጃፓኖችን የተዋጋው «የሚበርሩት ነብሮች» የተባለው ቡድን ክንፍ ያለው ነብር ነው። ሌላዋ ፊፊኔላ የምትባል፣ ክንፍና የአብራሪ መነጽር ያላት ትንሽ ሴት ናት። ፊፊኔላ ዋስፕ የተባሉት አሜሪካውያን ሴት አብራሪዎች ዓርማ ነበረች። እነዚህ ሴቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ፤ የጦር አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሱ ነበር፤ ለተኳሾች መለማመጃ ዒላማ ይጎትቱ ነበር፤ 38ቱ በሥራ ላይ ሞተዋል። ነገር ግን እንደ ሲቪል ስለተቆጠሩ እንደ ጦር አባል እውቅና ያገኙት በ1977 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዋስፕ የሚለው ስም ያገለገለው ከነሐሴ 1943 እስከ ታኅሣሥ 1944 ነው። «የሚበርሩት ነብሮች»ም የተዋጉት ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሐምሌ 1942 ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዓርማ እውነተኛ ከሆነ ዕድሜው በወራት ይታወቃል ማለት ነው። ለዚህም ነው ሐሰተኛው የሚበዛው፤ ታሪክ ባጠረ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ልብስ ሰፊው ይበዛል።

ከታች ሆኖ ላየው ሰው

እኛ ጋ ግን ዓርማን መለየት የሰብሳቢዎች ጨዋታ ሆኖ አልጀመረም። ጥቅምት 3 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ፣ ከዘመቱት መካከል 15ኛው የቦምብ ጣይ ስኳድሮን ነበረ። ስሙ «ላ ዲስፔራታ» ይባላል፤ ዓርማው የሰው ራስ ቅል ነው። አዛዡ የሙሶሊኒ አማች ካውንት ጋሌያሶ ቻኖ ነበር።

ራስ ቅል ሲባል ብዙ ሰው የባሕር ወንበዴ ትዝ ይለዋል፤ የወጣት ድንፋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስሙን ተከትላችሁ ስትሄዱ ግን ፍሎረንስ ከተማ ትደርሳላችሁ። «ላ ዲስፔራታ» ፋሺስቶች ሥልጣን ሳይዙ በፊት በዚያች ከተማ ተቃዋሚዎቻቸውን የሚደበድብ የጎዳና ቡድን ስም ነበር። ያ የዱላ ቡድን ስም ነው ክንፍ አውጥቶ አድዋ ላይ የመጣው። ታዲያ ዓርማን ማንበብ ዕቃን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ቦምብ የጣለው ሰው ራሱን ማን ብሎ ይጠራ እንደነበር ማወቅ ነው። ቻኖም በ1944 በራሱ በአማቱ መንግሥት ተፈርዶበት ተረሸነ።

ጨርቅን መጠየቅ

ወደ ሥራው ልመለስ። አንድ ዓርማ እጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ ነው። መንግሥታትና መሥሪያ ቤቶች ስም መቀየር ይወዳሉ፤ በቀየሩ ቁጥር ደግሞ ሳያውቁት ቀን ይጽፉልናል።

የአሜሪካንን ውሰዱ። እስከ መስከረም 1947 ድረስ ራሱን የቻለ የአሜሪካ አየር ኃይል አልነበረም፤ የምድር ጦሩ አካል ነበር። ስለዚህ «የአሜሪካ አየር ኃይል» የሚል ዓርማ ይዞ «አያቴ ኖርማንዲ የዘመቱበት ነው» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። «ታክቲካል ኤር ኮማንድ» የሚባለው ዕዝ በ1946 ተቋቁሞ በ1992 ፈረሰ። ቅርጽም ይናገራል፦ በአሜሪካኖቹ ደንብ የስኳድሮን ዓርማ ክብ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው የክንፍ ወይም የዕዝ ዓርማ ጋሻ ነው። ቁጥርም ይናገራል፦ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያለው ክፍል ብዙውን ጊዜ አንድ ዕዝ ለጊዜያዊ ሥራ ያቋቋመው ነው። ዘላቂዎቹ ከሦስት አኃዝ አያልፉም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

የሶቪየቱ ደግሞ በዝምታው ይታወቃል። ከ1969 ጀምሮ ወታደሮቹ ክንዳቸው ላይ የሚሰፉት ዓርማ የጦር ዓይነትን ብቻ ይናገራል፤ አየር ኃይል ከሆነ ሰማያዊ መደብና ክንፍ። የትኛው ስኳድሮን፣ የትኛው ሰፈር፣ ምንም የለም። አሜሪካዊው ዓርማ ወሬኛ ነው፤ ሶቪየታዊው ምስጢረኛ።

የእኛ አየር ኃይል የሁለቱንም ጎራ ቀምሷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደገና ሲደራጅ በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሩ ስዊድናውያን መጡ። በ1953 ከአሜሪካ ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈረመና የአሜሪካ ጄቶች መጡ፦ በ1960 ኤፍ-86፣ በ1966 ኤፍ-5። በ1977 ደግ ያልነበረ ፍቺ ተፈጸመ፤ ደርግ የአሜሪካንን የጦር ተቋማት ዘጋ፣ ሚጎቹና የሶቪየት አማካሪዎች ገቡ። ፎን ሮዘንም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የሶማሊያ ጦር ጎዴ ላይ ባደረሰው ጥቃት ተገደሉ። የሚገርመው፣ በዚያ ጦርነት የሶማሊያን ሚጎች የመቱት አሜሪካ ሠራሾቹ ኤፍ-5ዎች ናቸው። ከአብራሪዎቹ አንዱ ለገሠ ተፈራ ተመትተው ተማረኩና 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1988 ተመለሱ።

ስለዚህ በኢትዮጵያዊ ቤት የተገኘ ዓርማ ላይ በየትኛው ቋንቋ ተጽፏል ብሎ መጠየቅ ብቻውን ግማሽ መልስ ነው። የራሳችን ምልክቶችም እንደዚሁ። «የንጉሠ ነገሥት መንግሥት» የሚል ከሆነ ከ1974ቱ አብዮት በፊት ነው። አብዮቱ እንደመጣ አንበሳው ዘውዱን አወለቀ፤ የያዘው በትር ጫፍ ላይ የነበረው መስቀልም ጦር ሆነ። «ኢሕዲሪ» የሚል ጽሑፍ ካለው ከመስከረም 1987 እስከ ግንቦት 1991 ባለው አራት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ሰማያዊ ክብ ላይ ያረፈው ኮከብ ካለበት ከ1996 ወዲህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። «ከዚህ በፊት ሊሠራ አይችልም» ማለት ቀላል ነው፤ «ከዚህ በኋላ ሊሠራ አይችልም» ማለት ግን ከባድ ነው። የነገ ስም ዛሬ ሊጻፍ አይችልም። የትናንት ስም ግን ዛሬም ነገም ሊጠለፍ ይችላል፤ የአጎቴ ልጅ አንበሳ ምስክር ነው።

ክር፣ ጠርዝ፣ ጀርባ

ስሙ የሚዋሽ ከሆነ ወደ ክሩ መሄድ ነው። ቬልክሮን የፈለሰፈው ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ከአደን ሲመለስ ልብሱና ውሻው ላይ የተጣበቀውን ጭንጎ በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው ሐሳቡን ያገኘው፤ የፈጠራ መብቱ በ1955 ተመዘገበ። ጠርዝን ዙሪያውን በወፍራም ክር ጠቅልሎ የሚሰፋው የማሽን ስፌት በዓርማዎች ላይ በብዛት የተለመደው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠርዙ እንዲሁ በመቀስ ይቆረጥ ነበር። በኮምፒውተር የሚነዳ፣ አንዱ ከሌላው ፀጉር የማይለይ ጥልፍ ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። አንዱ ብቻውን ቢገኝ አያስፈርድም። ሦስቱም አንድ ላይ ተሰብስበው «የጃንሆይ ነኝ» ካሉ ግን ዳኛ አያስፈልግም።

ስህተትም ምስክር ይሆናል። በኮሪያና በቬትናም ጦርነቶች ዘመን የአሜሪካ አብራሪዎች ዓርማቸውን የሚያሠሩት በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በቬትናምና በታይላንድ የጦር ሰፈር በር ላይ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ነበር። ሰፊው እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል አይቶ ነው የሚሰፋው። አንድ ፊደል ይገለበጣል፣ አንዱ ይዘለላል። መርካቶ ቲሸርት ላይ «አዲዳስ» ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጻፍ ያየ ሰው ይገባዋል። ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ንጹሕ ዓርማ እያለ ሰብሳቢዎች ያንን የተሳሳተውን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ጦርነቱ ቦታ ላይ እንደተሠራ ስህተቱ ይመሰክርለታልና።

ሐምራዊው መብራትስ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጭ ልብስን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል በክርና በጨርቅ ፋብሪካዎች ተስፋፋ። ይህ ኬሚካል ያለበት ነገር በሐምራዊ መብራት ሥር ሰማያዊ የመሰለ ብርሃን ይሰጣል። ስለዚህ «የ1942 ነው» የተባለ ዓርማ ቢበራ መጠርጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ኬሚካል ሌላም ቦታ አለ፦ እኛ ማንኛውንም ዓይነት «ኦሞ» ብለን በምንጠራው የልብስ ዱቄት ውስጥ። የድሮ ጥጥ በኦሞ ደጋግሞ ከታጠበ ይበራል። መብራቱ ጥያቄ ያነሳል እንጂ አይፈርድም።

4441

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አባባ ዓርማ ተመለስኩ። ክብ ናት፤ ስለዚህ ስኳድሮን። ጠርዟ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ጨርቋ ጥጥ ነው፤ ኮምፒውተር አልነካትም፣ ከጥልፉ አንዱ ጎን ከሌላው ይወፍራል። እንግዲህ በርታ ያስደነገጠችኝ ታጥባ መሆን አለባት። ግን ማን ነው ዓርማ የሚያጥበው? ይህን ለጊዜው ተውኩት።

ጠርዟ ላይ የተጠለፈው ቁጥር 4441 ነው፤ አጠገቡ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፦ ሲ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኤስ። ባለ አራት አኃዝ! የተዋጊ አብራሪዎች ማሠልጠኛ ስኳድሮን ማለት ነው። 4441ኛው አሪዞና ውስጥ በዊልያምስ የአየር ኃይል ሰፈር የነበረ፣ ኤፍ-5 ለሚሰጣቸው ወዳጅ አገሮች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን ክፍል ነው። በ1964 ሥራ ጀመረ፤ በ1969 ተተክቶ ቦታውን 425ኛው ስኳድሮን ያዘ። ኢትዮጵያ ኤፍ-5 ያገኘችው በ1966 ነው። ስለዚህ ይህቺን ዓርማ የለበሰው ኢትዮጵያዊ አሪዞና የነበረው በ1960ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ መካከል መሆን አለበት።

ደስ አለኝ። ዓርማዋ እውነተኛ ናት! ከዚያ ደስታዬ መሐል ላይ ቆመ። የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ነው ያልኩት። አባባ ደግሞ አብራሪ አልነበሩም። ደብረ ዘይት ሠልጥነው ደብረ ዘይት የኖሩ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነበሩ።

ዓርማዋን ገልብጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን በትክክል አየሁት። ዙሪያዋን ሁለት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ አለ። አንደኛው ረድፍ ደቃቅና እኩል የሆነ የማሽን ስፌት ነው። ሁለተኛው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የተጣመመ፣ የእጅ ስፌት ነው፤ ጥቁር ክር ቁርጥራጭ ቀርቶበታል። አንድ ሰው ይህቺን ጨርቅ ከአንድ ቦታ ፈትቶ ሌላ ቦታ ሰፍቷታል።

እማማ

እማማ ምስር ሲለቅሙ ነው የደረስኩት።

«እማማ፣ ይቺ ዓርማ የአባባ ናት?»

ሰፌዱን አላስቀመጡም። «የሰው ናት» አሉ።

«የማን?»

«የአደራ ናት ልጄ።»

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። አባባ የሚያዘጋጁትን አውሮፕላን የሚያበርር አንድ መኮንን ነበር። አሜሪካ የተማረው እሱ ነው። ለመብረር ሲወጣ ቀበቶውን የሚያጠብቁለት፣ እስኪመለስ ሜዳው ላይ ቆመው የሚጠብቁት አባባ ናቸው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ አንድ ማታ ቤታቸው መጣ፤ ጃኬቱን አወለቀና «ይሄን አስቀምጥልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም፤ አባባም አልጠየቁም። አልተመለሰም።

ጃኬቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመታት ቆየ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1983 ላይ የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ፤ ፍተሻ አለ ተባለ። በየቤቱ ፎቶግራፍ ተቀደደ፣ ዩኒፎርም ተቃጠለ። «ጃኬት አይደበቅም» አሉ እማማ። «እኔ አቃጠልኩት። አባትህ... አያትሽ ማለቴ ነው፣ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ‹አደራ በላሁ› እያሉ። እኔ ግን ከማቃጠሌ በፊት ይቺን ፈትቼ ትራሱ ውስጥ ሰፍቻት ነበር።»

«የትኛው ትራስ?»

«የራሳቸው ነዋ። በየጊዜው ከነትራሱ አጥባለሁ።»

በኦሞ።

ዝም ብዬ ቆየሁ። ከዚያ የሚያንገበግበኝን ጠየቅሁ፦ «ታዲያ እማማ፣ ቀብሩ ላይ አሜሪካ ሄዱ ብዬ ሳነብ ለምን ዝም አሉ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ለቅሶ ላይ ማን ያርማል?»

ማረሚያ

አንድ ዓርማ የመጣበትን ቦታና ዘመን መለየት ስጀምር አንድ ቀን የማገኝ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ሦስት ነው። የተሠራችበት ዘመን አለ፤ እሱን ቁጥሩ ነገረኝ። የተለበሰችበት ዘመን አለ፤ እሱን የማሽኑ ስፌት ያውቃል። የተደበቀችበት ዘመን አለ፤ እሱ የእማማ የእጅ ስፌት ነው። የመጀመሪያውን ከማንኛውም መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። ሦስተኛውን የሚያውቁት አሮጊት ግን ምስር እየለቀሙ ናቸው፤ ለዘላለም አይቀመጡም። እናም አንባቢ ሆይ፣ ቤታችሁ ጣሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አትጠቡት፣ አታጽዱት፣ ከተሰፋበት አትፍቱት። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱት። ከዚያ ማን ሰጠው፣ ማን ሰፋው፣ ለምን ተደበቀ ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። እኔ አባባን ራሳቸውን መጠየቅ እችል ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት ጊዜ ነበረኝ።

የመኮንኑን ስም እዚህ አልጽፍም፤ እማማ አልፈቀዱልኝም። ምናልባት በሕይወት አለ፤ ምናልባት ይህን ከሚያነብ ሰው ጋር አንድ ከተማ ይኖራል። ዓርማዋ አለች።

ማረሚያው እንዲህ ይነበባል፦ «በሕይወት ታሪካቸው ላይ ወደ አሜሪካ ተልከው የክብር ዓርማ ተሸልመዋል የተባለው ስህተት ነው። በደብረ ዘይት የኤፍ-5 ቴክኒሺያን ሆነው አገልግለዋል። ዓርማው የባልደረባቸው ሲሆን በአደራ ተቀብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠብቀውታል።»

ወረቀቱን ለማሳየት ቀብሩ ላይ ያ ሳል የተሰማበት አቅጣጫ ቆመው ወደነበሩት የአባባ ባልደረባ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጉንፋን አልነበረም» አሉኝ።